ብሉፊን ቱናን ማን ይዘጋዋል? ማን ይከፍተዋል?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ቪዲዮ ላከልኝ። የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው፣ ጀልባ ከነካፒቴኑ ተከራይተው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወጥተዋል። ቪዲዮው ላይ ዘንጉ ጎብጧል። ክሩ ከመጠቅለያው እየተተረተረ ያፏጫል። የአክስቴ ልጅ ላብ በላብ ሆኗል። በስተመጨረሻ ከጀልባው ጎን ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ፣ ሆዱ ብር የመሰለ፣ እንደ ወይፈን የደነደነ ዓሣ ብቅ አለ። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ በሜትር ለካው። ከዚያ መንጠቆውን ነቅለው ለቀቁት።

ይህን ቪዲዮ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ለሰርግ ስሄድ ለአጎቴ አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ ደጋግመው አዩት። ስለ ውቅያኖሱም፣ ስለ ጀልባውም አልጠየቁም።

"ይህን ያህል ታግሎ ለምን ለቀቀው?" አሉኝ።

"የዚህ መጠን ዓሣ ተዘግቷል ተብሎ ነው" አልኳቸው።

"ማነው የዘጋው?"

መንዝ ውስጥ "መዝጋት" የሚለው ቃል ክብደት አለው። ጓሳን፣ ለዓመታት እየተዘጋ የሚከፈተውን የመንዝ የሣር ምድር፣ የሚያውቅ ሰው ሲጠይቀው ደግሞ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እኔም በወቅቱ በቂ መልስ አልነበረኝም። ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን ስከታተል ከረምኩ። ይህ ጽሑፍ ለአጎቴ ጥያቄ የተገኘው መልስ ነው።

ጋቢውን በውስጡ የለበሰ ዓሣ

መጀመሪያ ከዓሣው ልጀምር። ብሉፊን ቱና ሦስት ዓይነት ነው፤ የአትላንቲክ፣ የፓስፊክና የደቡብ። ትልቁ የአትላንቲኩ ነው። ርዝመቱ ከ3 ሜትር፣ ክብደቱ ከ600 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። በዘንግና በክር ከተያዙት ሁሉ ሪከርዱን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1979 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የተያዘው ነው። 679 ኪሎ ይመዝን ነበር። የደለበ ሰንጋ በሉት።

ይህን ዓሣ ከብዙዎቹ ዓሦች የሚለየው ሙቀቱ ነው። አብዛኛው ዓሣ ሰውነቱ የውሃውን ያህል ይቀዘቅዛል። ብሉፊን ግን ጡንቻው ሲሠራ የሚያመነጨውን ሙቀት አያባክንም። ከጡንቻው የሚመለሰው ሞቃት ደም፣ ዓሣው ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ ከሚመጣው ቀዝቃዛ ደም ጋር ጎን ለጎን ይፈሳል። የደም ሥሮቹ እንደ ጥልፍልፍ የተጠጋጉ ናቸው። ሙቀቱ ወደ ውሃው ከማምለጡ በፊት ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ይሻገራል። በጥቅምት ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ዓሣው ጋቢውን በውስጡ ለብሶ ነው የሚዋኘው።

ስለዚህ ከሰሜን ቀዝቃዛ ባሕር እስከ ሞቃቱ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይጓዛል። ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። አትላንቲክን ከዳር እስከ ዳር በሁለት ወር ውስጥ ያቋረጡ ብሉፊኖች አካላቸው ላይ በተተከለ መሣሪያ ተመዝግበዋል። አንድ ሌላ ነገር አለ፣ በኋላ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ። ይህ ዓሣ መዋኘት ማቆም አይችልም። የሚተነፍሰው አፉን ከፍቶ ወደፊት ሲሄድ ውሃው በስንጥቡ ሲያልፍ ነው። ከቆመ ይታፈናል።

እየጎተቱ ማጥመድ

የአክስቴ ልጅ የሄደበት የማጥመድ ዘዴ ትሮሊንግ ይባላል። በአማርኛ እየጎተቱ ማጥመድ ብንለው ያስኬዳል። ጣና ላይ ወይም ዝዋይ ላይ እንደምናየው መረብ ጥሎ መጠበቅ አይደለም። ጀልባው ይሄዳል። ከኋላው ብዙ ክሮች ይጎተታሉ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሪ በሶምሶማ የሚሄደውን ያህል ማለት ነው።

ክሮቹ እንዳይጠላለፉ ርቀታቸው ይለያያል። አንዳንዶቹ የጀልባው ሞተር በሚያስነሳው አረፋ ውስጥ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ርቀው ጥርት ባለው ውሃ ላይ ይሄዳሉ። ከጀልባው ግራና ቀኝ ረጃጅም ዘንጎች እንደ ክንፍ ይዘረጉና ክሮቹን ወደ ጎን ያራርቋቸዋል። መንጠቆው ላይ የሞተ ትንሽ ዓሣ ወይም ከጎማ የተሠራ ማባበያ ይደረጋል።

ከሁሉ የገረመኝ የጎማ ስኩዊዶቹ አደራደር ነው። ስኩዊድ ብዙ እግር ያለው፣ ብሉፊን የሚወደው የባሕር እንስሳ ነው። አንድ አግዳሚ ዘንግ ላይ ብዙ የጎማ ስኩዊዶች ይንጠለጠሉና ሲጎተቱ የሚሸሽ መንጋ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ግን መንጠቆ የላቸውም። መንጠቆው ያለው ከኋላ ቀረት ብሎ የሚሄደው አንዱ ላይ ነው። ብሉፊኑ መንጋውን አይቶ ይመጣል፤ የሚነክሰው ግን ወደኋላ የቀረውን ነው። መንዝ ውስጥ በግ የጠበቀ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቀበሮ የሚወስደው ከመንጋው የተነጠለውን ግልገል ነው።

ካፒቴኑ ደግሞ ውቅያኖሱን ዝም ብሎ አይዞርም። ምልክት ያያል። ወፎች አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው እየተወረወሩ ውሃ ውስጥ ከገቡ ከሥር ትናንሽ ዓሦች አሉ ማለት ነው። ትናንሽ ዓሦች ካሉ ትልቁም ቅርብ ነው። ሞቃትና ቀዝቃዛ ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ደግሞ ከሳተላይት በሚወጣ ካርታ ይከታተላል። ምግቡ እዚያ ድንበር ላይ ይከማቻል።

ዓሣው ሲነክስ ትግሉ ይጀምራል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የመጠቅለያው ፍሬን ነው። ፍሬኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል። ከላላ ዓሣው ክሩን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ክሩ ከሚችለው ክብደት ሲሶው ላይ ይስተካከላል። 36 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ 12 ኪሎ ገደማ ሲሳብ ክሩን መልቀቅ ይጀምራል ማለት ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና አይሱዙ ይዞ የሚወርድ ሹፌር ይህን ከማንም በላይ ይረዳል። ፍሬን ዝም ብሎ አይረገጥም።

ትግሉ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። የአክስቴ ልጅ በሁለተኛው ቀን እጁን ማንሳት አቅቶት ነበር።

ለምን ለቀቁት?

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ እንመለስ።

አሜሪካ ውስጥ ለመዝናናት ብሉፊን ለማጥመድ ጀልባው ፈቃድ ያስፈልገዋል። የተያዘው ዓሣ ይለካል። ልኬቱ ከላይኛው መንጋጋ ጫፍ ተነስቶ የሰውነቱን ጉብታ ተከትሎ የጭራው መንታ እስከሚከፈልበት ድረስ ነው። ከ69 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ከሆነ መያዝ ክልክል ነው። ከ185 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል። የትልልቆቹ ድርሻ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ካለቀ ይዘጋል። በመሐል ያሉትም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የተወሰደ ዓሣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል። ለመዝናናት በወጣ ፈቃድ የተያዘውን ዓሣ መሸጥ አይቻልም።

የአክስቴ ልጅ የያዘው ከ185 በላይ ነበር። ድርሻው አልቋል። ስለዚህ ለቀቁት።

አለቃቀቁም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን አስታውሱ። ይህ ዓሣ ካልሄደ አይተነፍስም። ስለዚህ ከውሃ አያወጡትም። ከጀልባው ጎን ይዘውት ጀልባው ቀስ ብሎ ወደፊት ይሄዳል። ውሃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ያልፋል። ዓሣው ትንፋሹ ሲመለስለት ጭራውን ይመታል፤ ያኔ ይለቁታል። ቪዲዮው ላይ ይህ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። አጎቴ መጀመሪያ የመሰላቸው ዓሣውን ወደ ወደብ እየጎተቱት ነው።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው አንድ ነገር አለ። በቀጭን ክር ማጥመድ የሚሻል፣ ለዓሣው የሚራራ ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ክሩ ሲቀጥን ትግሉ ይረዝማል። ትግሉ ሲረዝም የዓሣው ጡንቻ ከልክ በላይ ይግላል፣ በአሲድ ይሞላል። ቢለቀቅም የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል። ወፍራም ክርና ጠንካራ ዘንግ ይዞ በአጭር ጊዜ ማምጣት ይሻላል። ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ ክብ መንጠቆም ይረዳል። ሆዱ ውስጥ ሳይሆን የአፉ ጥግ ላይ ስለሚይዝ ማለት ነው። ደንቡን ወረቀት ላይ ማንም ይጽፈዋል። የሚፈጸመው ግን እዚያ፣ ደክሞት እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው እጅ ላይ ነው።

ከድመት ምግብ እስከ ሚሊዮን ዶላር

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን መጣ? ዓሣው ሊያልቅ ስለነበረ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ብሉፊን ብዙም ዋጋ አልነበረውም። አጥማጆች ለፎቶ ይሰቅሉት ነበር። ሥጋው በርካሽ ለድመት ምግብ ፋብሪካ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ጃፓን መጣች። የጃፓን የጭነት አውሮፕላኖች ዕቃ አድርሰው ባዶ እንዳይመለሱ የሚጭኑት ነገር ይፈልጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ከካናዳ የተጫነ ብሉፊን በበረዶ ታሽጎ ቶኪዮ ገበያ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጃፓኖች ጥሬውን በሱሺና በሳሺሚ ይበሉታል። የሆዱን ስብ ሥጋ እኛ ለጥሬ ሥጋ ያለንን ዓይነት ፍቅር ነው ያላቸው። ምርጡን ለይተው ያውቃሉ፣ ዋጋም ይከፍሉበታል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ቶኪዮ ውስጥ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ብሉፊን በ333.6 ሚሊዮን የን ተሸጠ። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በርግጥ ይህ የአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ጨረታ ነው። ገዢው ስሙ እንዲጠራ ብሎ የሚከፍለው ስለሆነ የዘወትር ዋጋ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ቢሆንም አጥማጁ ዓይን ውስጥ ምን እንደሚፈጥር መገመት አይከብድም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሜዲትራኒያን ላይ ሌላ መንገድ መጣ። ትልልቅ መርከቦች የዓሣውን መንጋ በሙሉ በመረብ ይከቡታል። ዓሣው ከነሕይወቱ ባሕር ውስጥ ወዳለ የመረብ ጋጣ ይዛወራል። እዚያ እየተቀለበ ይደልባል። ከዚያ ወደ ጃፓን ይላካል። ክፋቱ ምኑ ላይ ነው? ዓሣው ሜዲትራኒያን ውስጥ በግንቦትና በሰኔ የሚሰበሰበው እንቁላል ሊጥል ነው። ያኔ ያገኙታል፣ ያኔ ይከቡታል። ገና ያልወለደችውን ነው የሚወስዷት።

የአትላንቲክን ቱና የሚያስተዳድር ዓለም አቀፍ ኮሚሽን አለ። ኢካት ይባላል። ስምምነቱ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ማድሪድ ነው። በየዓመቱ ስንት ቶን ይያዝ የሚለውን አገራት ተቀምጠው የሚወስኑት እዚያ ነው። ግን ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶቹ ካሉት በላይ ይፈቀድ ነበር። ከተፈቀደውም በላይ ይያዝ ነበር። የኮሚሽኑ የራሱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2007 በምሥራቅ አትላንቲክና በሜዲትራኒያን የተያዘው ከተፈቀደው እጥፍ እንደሚሆን ገምተው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሞናኮ ዓለም አቀፍ ሽያጩ ጨርሶ ይታገድ የሚል ሐሳብ ዶሃ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ አቀረበች። ውድቅ ተደረገ። ግን ድንጋጤው ሠራ። ኮሚሽኑ ሊዘጋበት እንደሚችል አየ። ለምሥራቁ ክፍል የሚፈቀደው ዓመታዊ መጠን ወደ 13,000 ቶን አካባቢ ወረደ። የማጥመጃው ወቅት አጠረ። መርከቦች ተቀነሱ። ታዛቢዎች ተሳፈሩ። እያንዳንዱ ዓሣ ከመረቡ እስከ ገበያው የሚከተለው ሰነድ ተዘጋጀለት።

ዓሣውም ተመለሰ። ለአሥርት ዓመታት ያልታየበት የእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ሳይቀር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 "ለመጥፋት የተቃረበ" ተብሎ የተመዘገበው የአትላንቲክ ብሉፊን በ2021 "ብዙም ስጋት የሌለበት" ወደሚለው ክፍል ተዛወረ። የፓስፊኩም አገገመ። ካልተጠመደበት ዘመን ጋር ሲነጻጸር የሚወልዱት ብዛት ወደ 2 በመቶ ወርዶ ነበር። አገራቱ እስከ 2034 ወደ 20 በመቶ እናድርሰው ብለው ተስማሙ። ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ደረሰ።

አስቦና ጌራ

ይህን ለአጎቴ በስልክ ስነግራቸው ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም። ጓሳን እያወቁ ያደጉ ሰው ናቸው።

ለማያውቀው አንባቢ ልንገር። ጓሳ መንዝ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሣሩ ለቤት ክዳን ይሆናል። ገመድ ይሆናል። እረኛው በዝናብ የሚለብሰው ገሳ ይሆናል። ሕዝቡ ይህን ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ምድሩን እንደተካፈሉት ይነገራል። የመጠቀም መብት የነሱ ተወላጆች ነበር። ምድሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣር ማጨድም፣ ከብት ማሰማራትም አይቻልም። ሣሩ በቂ ሲሆን አባቶች አይተው፣ ተመካክረው፣ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል። ተጠቃሚው ሁሉ በአንድ ቀን ይገባል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ደንቡን የጣሰ ከባድ ቅጣት ይደርስበት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የቀሮ ሥርዓት መሠረቱ ፈረሰ። መብቱ በዘር ሐረግ ላይ የቆመ ስለነበር ፍትሐዊ አይደለም የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ነገር ግን መዝጋቱም አብሮ ላላ። ኋላ ላይ ሕዝቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መጠበቁን ቀጠለ። ዛሬም ጓሳ አለ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ይህ ነው። ጓሳም ብሉፊንም የአንድ ሰው ንብረት አይደሉም። ማንም ብቻውን ሊያጥራቸው አይችልም። አንዱ ዛሬ ቢተወው ነገ ሌላው ይወስደዋል። ይህን ስጋት የሚያቆመው ሁሉም በአንድ ቀን የሚያከብረው መዝጊያ ነው። መንዞች ይህን ማድሪድ ላይ ስብሰባ ከመጠራቱ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ይህን በኩራት ነው የምጽፈው።

ልዩነቱ ሣሩ ሲበቃ በዓይን ይታያል። አባቶች ወጥተው ያዩታል። ዓሣው ግን አይታይም። መቁጠር ይጠይቃል። ሲቆጥሩ ደግሞ ይከራከራሉ።

የዛሬው ጥያቄ፦ ምን ያህል ይከፈት?

ዛሬ ክርክሩ ስለመጥፋት አይደለም። ዓሣው ስለተመለሰ ሁሉም ድርሻ ይፈልጋል። ለምሥራቁ ክፍል ከ2023 እስከ 2025 በየዓመቱ የተፈቀደው 40,570 ቶን ነበር። ከዝቅተኛው ጊዜ ሦስት እጥፍ ነው። የምዕራቡ፣ ማለትም የአሜሪካና የካናዳ በኩል ያለው፣ 2,726 ቶን ብቻ ነበር። ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የሚወለደው ዘር ሜዲትራኒያን ከሚወለደው በጣም ያንሳል። ሁለቱ ግን አንድ ባሕር ላይ ተቀላቅለው ይበላሉ። የአክስቴ ልጅ የለቀቀው ዓሣ የተወለደው ሜዲትራኒያን ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም። ታዲያ ለብዙው ዘር የተከፈተው ጥቂቱን እንዳይጨርስ ምን ይደረግ? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው።

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ትልቅ እርምጃ ወሰደ። በየዓመቱ እንደ ገበያ ከመከራከር ይልቅ ቀመር ላይ ተስማሙ። የዓሣው ብዛት ምልክት ሲወጣ የሚፈቀደው ይወጣል። ሲወርድ ይወርዳል። እኔ ከሁሉ በላይ ተስፋ የሰጠኝ ይህ ነው። ምክንያቱም ደግ ዘመን ላይ የሚወጣ ደንብ ክፉ ዘመን ላይ ከሚወጣው ይሻላል። ረሃብ ሲመጣ ስለ ዘር እህል መነጋገር ይከብዳል።

የመዝናኛ አጥማጆችም ጥያቄ አላቸው። እኛ አብዛኛውን እንለቃለን፤ ለአካባቢውም ገቢ እናመጣለን ይላሉ። ጀልባ ኪራዩ፣ ሆቴሉ፣ ነዳጁ ማለታቸው ነው። የንግድ አጥማጆች ደግሞ ይህ እንጀራችን ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን የመልቀቅ ነገር ሲነሳ አንድ ጥንቃቄ እጨምራለሁ። የተለቀቀ ሁሉ አይተርፍም። በደንብ ከተያዘ አብዛኛው ይተርፋል። ስለዚህ የሚለቀቀውም መቆጠር አለበት።

በነገራችን ላይ ሱቅ ውስጥ የምንገዛው የቆርቆሮ ቱና ብሉፊን አይደለም። ብዙ ጊዜ ስኪፕጃክ የሚባል ትንሽ ዘመዱ ነው። አንዳንዴ የሎውፊን የሚባለው ሌላው ዘመዱ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ተማሪዎች በዳቦ የሚበሉት እሱን ነው። የሕንድ ውቅያኖስ የሎውፊን ደግሞ ለዓመታት ከልክ በላይ ተጠምዷል ሲባል ነበር። የሚቀጥለው ጭቅጭቅ እዚያ፣ ለእኛ በሚቀርበው ውቅያኖስ ላይ ነው።

እኛስ?

ባሕር የለንም። ዓሣ ግን አለን። ከደብረ ብርሃን በበሬሳ፣ ከመንዝ በሞፈር ውሃና በወንጪት የሚወርደው ውሃ ሁሉ ጀማ ይገባል። ጀማ ደግሞ ዓባይ ይገባል። በዚያ ቆላ ውስጥ አምባዛ አለ፣ ነጭ ዓሣም አለ። ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። ልክ እንደ ብሉፊን ሜዲትራኒያን። ልክ ያኔም ነው ሰው የሚጠብቀው። ጣና ላይ ይኸው ዓሣ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ እየተያዘ ክፉኛ መመናመኑን ተመራማሪዎች ካሳዩ ቆይተዋል።

ብርብራም አለ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጣል ዓሣውን ያፍነዋል። ትልቁም ትንሹም ተገልብጦ ይንሳፈፋል። ይለካ ቢባል የሚለካ፣ ይለቀቅ ቢባል የሚለቀቅ የለም። አገራችን ስለ ዓሣ ሀብት አዋጅ አላት፤ ቁጥር 315/1995። በመርዝ ማጥመድን ትከለክላለች። ጀማ ቆላ ድረስ ወርዶ የሚያስታውሳት ግን የለም።

ባለፈው ሐምሌ ጀማን ተሻግረን ስንመለስ መንገድ ዳር አንድ ወጣት ዓሣ በልጥ አንጠልጥሎ ሲሸጥ አገኘነው። ገዛን። እዚያው በቢላ ሲከፍትልን የአንዷ ሆድ በቢጫ እንቁላል ጥቅጥቅ ብሏል። ጠርጎ ጣለው። በልጁ አልፈርድም። ቤተሰብ የሚያበላበት ነው። ይህ ወር ይዘጋ ያለው ሰው ስለሌለ ምን ያድርግ?

ለአጎቴ ደውዬ ይህንንም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

"ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው የምትወልደው?"

"አዎ፣ ክረምቱን ነው።"

"ጓሳ እኮ የሚዘጋው ለዓመታት ነው። ይህ ሦስት ወር ነው" አሉ። ቀጥለው ከመርሐቤቴ በኩል የሚያውቋቸውን ሽማግሌዎች ስም አንድ በአንድ ይቆጥሩልኝ ጀመር። በእስኪርብቶ ጻፍኩ። ሰባት ናቸው። ጥቅምት ላይ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ አብረን እንወርዳለን ብለውኛል።